እትዬ ጣቷን እስክታነሳ

ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ይሄንን ታሪክ ረጋ ብዬ ማውራት አልችልም። ሥራዬ ቴስተር ነው። ሌሎች የሠሩትን የስልክ አፕ እየነካካሁ የት ጋ እንደሚበላሽ እፈልጋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬ፣ ትልቁ ስሕተት አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁ። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አግዤበታለሁ።

አጠገቤ የሚቀመጠውን ፕሮግራመር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ቆይ ቆይ ነበር የሚለው። ስታናግሩት መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ «ቆይ…» ይላል፣ ከዚያ ነው የሚመልሰው። ደህና አደርክ ስትሉት ራሱ ያስብበታል። ሊፍት ውስጥ ስንተኛ ፎቅ ነህ ብለው ጠይቀውት፣ እሱ እስኪመልስ ሊፍቱ ላይ ደርሶ ተመልሷል እያሉ ያሙት ነበር። አብሮ ይስቃል፤ ሳቁም ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛው ላይ ጆሮው የተሰበረ ኩባያና ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ማዳመጫ ብቻ ነበር ያለው።

ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው። እሱ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም ካወቅኋቸው ጀምሮ እንደዚያው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደከመ፣ በኋላ ጭራሹን ጠፋ። ለነገሩ ዓይናቸው ነው እንጂ የጠፋው፣ እልኻቸው እንዳለ ነው። ሌላው ሠራተኛ የተረፈ ወረቀት በየቦርሳው እየከተተ ሲያወጣ፣ እሳቸው ቀይ እርሳሳቸውን እንኳ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነበር ወደ ቤት የሚሄዱት። ለምን ሲባሉ፣ የእኔ አይደለማ ይሉ ነበር።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብቻዬን እኖራለሁ ማለት የቻሉት ደግሞ በስልካቸው ነው። መልእክት ያነብላቸዋል፣ የመድኃኒት ሰዓት ይነግራቸዋል፣ የቆመው አውቶቡስ የትኛው እንደሆነ ያሳውቃቸዋል። ስልኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ድምፅ የእኛን ቋንቋ አያነብም። የሚያነበውን የሠራው ወንድማቸው ነው፣ ቆይ ቆይ።

የሠራው ነገር ፍሬምወርክ ይባላል። ለብቻው አፕ አይደለም፤ ሌሎች አፕ ሠሪዎች በየራሳቸው አፕ ውስጥ የሚያስገቡት መሠረት ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍና ቁልፍ ሁሉ በድምፅ ያነባል። እትዬ የሚጠቀሙበትን አፕ ያዘጋጀው የዓይነ ስውራን ማኅበሩ ነው፣ ውስጡ ግን የሱ ፍሬምወርክ ነው። መሥሪያ ቤታችን እንደ ትርፍ ሥራ ነበር የሚያየው። እሱ ግን ዘጠኝ ዓመቱን ሰጠው።

አንድ ቀን እትዬ የባላቸውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት እንደገና ሊሰሙ ፈልገው ጣታቸው አዳለጣቸው። ስልኩ «አጥፋ» ብሎ ያነበበው ካጠፋው በኋላ ነው። ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን ቆይ ቆይ ቢሮ ገብቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አንድ ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሠራ። እንደ «አጥፋ» እና «ላክ» ያለ መመለሻ የሌለው ቁልፍ ሲነካ ድምፁ መጀመሪያ ስሙን ይናገርና ትንሽ ያርፋል፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። በዚያች ዕረፍት ውስጥ ጣታችሁን ካነሳችሁ ምንም አይጠፋም። ዕረፍቷ ብታጥር እትዬ አይደርሱም፣ ብትረዝም ይናደዳሉ። እኔ ዓይኔን በሻርፕ አስሬ አርባ ጊዜ ሞክሬያታለሁ፤ ጎረቤት ቢሮ ያሉት እነዚህ ሰዎች ድብብቆሽ ጀመሩ እንዴ እያሉ ሲስቁብን ነበር። ልኳን ስናገኝ ከዚያች መስመር በላይ ማስታወሻ ጻፈባት። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንዲህ ለሌላ ሰው ቃል መተው ይችላል፤ ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። ያሰፈረው እንዲህ ብሎ ነው፦ እትዬ ጣቷን እስክታነሳ ቆይ።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። እንዲህ ዓይነት ፍሬምወርክ ለሰው የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሶርስ ኮዱን መስጠት ነው፤ ሰው የጻፈውን፣ ሰው የሚያነበውን፣ ሲበላሽ ከፍቶ የሚያስተካክለውን። ሁለተኛው ኮምፓይል አድርጎ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይሮ ማለት ነው፣ ዝግ ላይብረሪ መስጠት ነው። ያ ለማሽን ብቻ ነው። ይሠራል፣ ግን ከፍቶ የሚያነበው የለም። ማስታወሻውም ውስጡ አይተርፍም።

ቆይ ቆይ የሚሰጠው ሶርሱን ነበር፣ ስሜን ከላዩ አታጥፉብኝ የሚል አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀምጦ። ሥራ አስኪያጃችን በየስብሰባው ይነተርከው ነበር፤ ሁሉንም ገላልጠህ ከሰጠህ ነገ ማን ይፈልገናል እያለ። እሱም ዝም፣ ቆይ፣ ከዚያ ሁሌ አንድ መልስ ነበር ያለው፤ የሚጠቀምበት ሰው ሲሰበርበት መጠገን መቻል አለበት፣ በቃ። ልክም ነበር። የማኅበሩ ባለሙያ፣ እሱ ራሱ በግማሽ ዓይን የሚያይ፣ አፍንጫው ስክሪን እስኪነካ ተጠግቶ የሚሠራ ሰው፣ ሶርሱን ወስዶ ለአሮጌ ስልኮች እንዲመች አደረገና ያስተካከለውን መልሶ ላከልን። ያን ቀን ቆይ ቆይ ሳይዘገይ ሲስቅ አየሁት።

በሰባተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ከሌላ ድርጅት ሊገዛው ያሰበውን አፕ መጀመሪያ እናንተ እዩልኝ ብሎ ላከልን። ሶርሱም አብሮ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የፋይሎቹ ስም ሌላ ነው፣ በየፋይሉ አናት ላይ የድርጅቱ ስም ተጽፏል፣ ያንን ድርጅት በስም እንኳ አላውቀውም። ግን ስሞክረው አወቅሁት። ዕረፍቷ አለች፤ ልኳም ያው ነው። ዝቅ አልኩና አነበብኩ፦ እትዬ ጣቷን እስክታነሳ ቆይ።

ደሜ ፈላ። ስሙን ከመቶ ቦታ ለቅመው አጥፍተው፣ እህቱን ረስተዋት ሄደዋል! ዓይናቸውን በጨው አጥበው የራሳችን ፈጠራ ነው ብለው ይሸጣሉ። ቆይ ቆይን ጠርቼ አሳየሁት። ቆሞ አነበበ፤ ፊቱ ክስል አለ። እኔ ደግሞ መቼ ዝም አልኩ። ገና ስትሰጥ ነግረንህ አልነበር ወይ፣ እስከ መቼ ነው የሰው መጫወቻ የምትሆነው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ፣ ዝጋባቸው አልኩት። አዎ፣ ይህ አፌ ነው ያለው። ይቆረጥ ቢባል አልከራከርም።

ያን ቀን ቆይ አላለም። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ቀጥ ብሎ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባና ከዛሬ ጀምሮ ዝግ ላይብረሪ ብቻ እንዲወጣ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከደስታው ብዛት ወንበር ሳበለት። ክስ እንመሥርት ወይ ስንለው ግን፣ በገዛ እጃችን ገላልጠን የሰጠነውን ምን ብለን እንከሳለን አለ፣ ነገሩንም ውሃ በላው።

ቆይ ቆይ መዝጋቱ ብቻ አልበቃውም። ሶርሱን ከወጣበት ቦታ ሁሉ አነሳው፣ የወሰዱትን በሙሉ እየደወለ ያላችሁን ቅጂ አጥፉልኝ አለ። እኔም ቅጂው ያለበት፣ ቁልፌ ላይ አንጠልጥዬው የምዞር ፍላሽ ነበረኝ። እዚያው እፊቱ አጠፋሁት፣ ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ እያልኩ በራሴ እየኮራሁ።

የማኅበሩ ባለሙያ ግን በስልክ አልተመለሰም። በትሩን ይዞ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ቢሮ ድረስ መጣ። የምታስፈርመንን አስፈርመን፣ ካስፈለገ ኮምፒዩተሬን እዚሁ ቆልፈህ አስቀምጥ፣ ሶርሱ ብቻ ከእጃችን አይውጣ ብሎ ለመነ። ስልክ በየዓመቱ እንደሚቀየር፣ ላይብረሪው አንድ ቀን እንቢ ቢል ሁለት ሺህ ሰው ድምፅ አልባ እንደሚሆን አስረዳ። ቆይ ቆይ ልቡ ደንድኗል።

«ምን ያስፈራሃል?» አለው። «ሲበላሽ ትደውልልኛለህ፣ በዚያው ቀን አስተካክዬ እልክልሃለሁ። እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

ባለሙያው በትሩን አነሳ። ከዚያ እሺ፣ የአንተ ነው አለና ሄደ። በማግስቱ ደውሎ አጥፍተነዋል አለን። አጥፍተውታልም፤ ሰው ናቸዋ። የጠራናቸው ሰዎች ሁሉ፣ ታማኝ ታማኞቹ፣ አንድ በአንድ አጠፉልን።

እትዬ ስለ ስርቆቱ ሲሰሙ የሌባውን ስም ጠየቁ። ቆይ ቆይ ይበልጥ እንዲናደዱ ስላልፈለገ አልነገራቸውም። እሳቸው ግን ቡጢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የነዚያን ሰዎች ነገር በጄ ከምነካ ዕድሜ ልኬን ድዳ ስልክ ይዤ ብኖር ይሻለኛል አሉ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጎሽ እትዬ ብዬ ጉልበታቸውን መታ አደረግሁ።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄደ። ከዚያ የመሥሪያ ቤታችን ባለቤቶች ድርጅቱን ለሌሎች አስተላለፉ፣ አዲሶቹም ይሄ የድምፅ ነገር ለምን ያስፈልገናል ብለው ክፍላችንን ዘጉት። በአንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፓችንን አስረክበን፣ ከድርጅቱ ምንም ኮድ ይዤ አልወጣም፣ መሳዩንም አልሠራም በሚል ወረቀት ላይ ፈረምን። ቆይ ቆይ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። ኩባያውንና ማዳመጫውን ብቻ በፌስታል ይዞ ወጣ። ሶርሱ የቀረው እዚያ ቤት ዋና ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱ ራሱ ነዋ ሌላውን ሁሉ ያስጠፋው።

ዓመት ሳይሞላ እትዬ አንድ ጠዋት ስልካቸውን ቢነኩ ዝም። ስልኩ ሲስተሙን በራሱ አድሶ ኖሯል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ በድሮው መንገድ ኮምፓይል የተደረገ ላይብረሪ አልቀበልም አለ። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ሶርሱን ከፍቶ፣ ሁለት መስመር ቀይሮ፣ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ። ግማሽ ሰዓት! አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ። በዚያው ቀን የማኅበሩ ባለሙያ ደወለ። አልወቀሰም፣ ነግሬህ ነበር አላለም። የፈራነው ደርሷል፣ ምን እናድርግ ነው ያለው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ቆይ ቆይ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤት ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ሰላም ሲለው የኖረው ጥበቃ፣ አዝናለሁ ጌታዬ፣ ስምዎ ዝርዝሩ ላይ የለም አለው። ደብዳቤ አስገባ። ሥራ አስኪያጁ አሁንም እዚያው ነበርና ደወለለት፤ ጠበቆቹን ልጠይቅልህ አለ፣ ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔም አንድ ቀን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። አንድ ሰው ሰርቨሩን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ምናችሁ ይጎድላል አልኩት። የድሮው ሰርቨር ወዴት እንደገባ እሱም እንደማያውቅ፣ ምናልባትም ተጠርጎ ለሌላ ሥራ እንደዋለ፣ ሰዓቱን እያየ ነገረኝ። ወይ ነዶ! መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ፣ ግድም አልነበረኝ።

ቆይ ቆይ ፊርማውን ረስቶ፣ ይክሰሱኝ ብሎ ቤቱ ቁጭ አለና ከጭንቅላቱ መልሶ ለመጻፍ ሞከረ። ዘጠኝ ዓመት በአራት ወር አይጻፍም። ድምፁን አስነሳው፣ ግን ቃል ይውጣል፣ ቁልፍ ይዘላል፣ ባለሙያው የላከው ማስተካከያም ትዝ አላለውም። ከሳ። ስሄድበት የሚከፍትልኝ ጢሙ አድጎ ነው።

እትዬስ? መልእክታቸውን የጎረቤት ሴት ታነብላቸው ጀመር። ደግ ሴት ናት፣ ግን ታነባለች፣ ቀጥላ አስተያየት ትሰጣለች፣ ቀጥላ ለሌላው ታወራለች። እትዬ ሰዎች እንዳይጽፉላቸው አስከለከሉ። አውቶቡሱን ማወቅ ስላልቻሉ መውጣት አቆሙ። አንድ ቀን የጠዋቱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስደው ወለል ላይ ወድቀው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ቆይ ቆይ እኔን ይዞ ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ ቤቱን ቆልፌ ካንተ ጋር ልግባ መሰለኝ አሉት፣ እኒያ ብቻዬን እኖራለሁ ባይ ሴትዮ።

በሳምንቱ የማኅበሩ ባለሙያ አንድ ነገር ነገረው። ብዙዎቹ አባላት ወደ ሌላ አፕ ዞረዋል። አዲሱ ሲስተም ላይም ይሠራል፤ ሠሪዎቹ ሶርሱ በእጃቸው ስለሆነ ወዲያው አስተካክለውታል። የሠሪዎቹን ስም ሲጠራ፣ ያው በየፋይሉ አናት ላይ ያየነው ስም ነበር። እኔም ገባኝ። ሁሉም ሲያጠፋልን አንድ ሰው አላጠፋም ነበር፤ ያልደወልንለት፣ የሰረቀን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ቤት አብረን ሄድን። ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘኝና አደራ፣ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ አለኝ። ካወቁ አይነኩትማ። ስልኩን ተቀብሎ አፑን ጫነው፤ በገዛ እጁ። ጣቶቹን እያየሁ ነበር። ሲጨርስ እፊታቸው አስቀመጠው፣ አዲስ ነገር ተገኝቷል፣ ሞክሪው አላቸው።

እትዬ ስክሪኑን ዳሰሱ። ድምፁ መጣ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ለጎረቤቷ ሳያሳዩ ያጠራቀሙትን የአራት ወር መልእክት አንድ በአንድ አስነበቡ፣ በአንዳንዱ ሳቁ፣ የአንዱን ቀጠሮ ማሳለፋቸውን ሰምተው ተቆጡ። ከዚያ አንዱን መልእክት ሊያጠፉ ጣታቸውን አሳረፉ። ድምፁ «አጥፋ» አለና አረፈ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። እትዬ ጣታቸውን አነሱ። ደግመው ነኩ፤ ደግሞ አረፈ።

«ውይ፣ እንዳንተው ይቆያል!» አሉ። «እኔ እኮ ይሄን ያሰብከው አንተ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ለካ ሌላም ሰው አለ።»

ቆይ ቆይ ሁሌ ከሚዘገየውም በላይ ዘገየ። እኔ ጥርሴን ነክሼ መስኮቱን እያየሁ ነበር።

«አለ፣ እትዬ» አላቸው።

«እጁ ይባረክ። እህት ያለው ሰው መሆን አለበት። ማን ይባላል?»

የአፑን የመጨረሻ ገጽ ከፈተላቸው፣ ድምፁም የሠሪውን ድርጅት ስም ጥርት አድርጎ አነበበላቸው። እትዬ እንዳይረሱት ሁለቴ አስደገሙት። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ያንን ስም እየጠሩ ይመርቃሉ፣ እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ አሜን ይላል።